አቶ ይድነቃቸው ተሰማ፤ ከአራዳ ሜዳ እስከ አፍሪካ ሸንጎ

የገና ሰሞን ከዓባይ በረሃ ወጥቶ ደጀን የደረሰ መንገደኛ፣ መኸሩ በተነሣበት ሜዳ ላይ ጐረምሶች ቆልማማ ዱላ ይዘው ሩር ሲያሳድዱ ቢያይ አይደነቅም። በዚያ ጨዋታ ጌታ በሎሌው እንዳይቆጣ አባቶቻችን ሕግ አድርገው ደንግገዋል። ሩሩ የመታው ሰው ባላገርም ሆነ ባላባት፣ ያመመውን ዋጥ አድርጎ ጨዋታውን ይቀጥላል እንጂ ክስ አያቀርብም። ይህን የምጠቅሰው ያለ ምክንያት አይደለም። ዛሬ ታሪካቸውን ለአንባቢ የማቀርበው ሰው ዕድሜያቸውን ሙሉ የታገሉት ለዚሁ ሕግ ነው ለማለት ይቻላል፤ ሜዳ ላይ ጌታና ሎሌ እንዳይኖር።

ባለፈው ክረምት ለዕረፍት ወደ አገሬ ወርጄ፣ በደጀን አንድ ሻይ ቤት ውስጥ ወጣቶች በቴሌቪዥን የአውሮፓን ኳስ እያዩ ሲከራከሩ አገኘኋቸው። የእንግሊዝን ክለቦች ተጫዋቾች ከነተቀያሪዎቻቸው በቃላቸው ይዘዋል። ለአፍሪካ በዓለም ዋንጫ ውስጥ ቦታ ያስከፈተው ማን እንደ ሆነ ብጠይቃቸው ግን እርስ በርስ ተያዩ። አንደኛው የካሜሩንን አንድ ተጫዋች ስም ጠራልኝ። በዚያን ጊዜ ነው ይህን ጽሑፍ ለመጽሔታችን ለማዘጋጀት የቈረጥሁት።

አቶ ይድነቃቸው ተሰማ በመስከረም 1 ቀን 1914 ዓ.ም.፣ በዕለተ እንቍጣጣሽ፣ በጅማ ተወለዱ። አባታቸው ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ናቸው። ነጋድራስ ተሰማን የማያውቅ አማርኛ አንባቢ ጥቂት ነው። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን የአውቶሞቢልን ነገር እንዲማሩ ወደ ጀርመን አገር ተልከው፣ እግረ መንገዳቸውን ድምፃቸውን በሸክላ አስቀርጸው የተመለሱ ናቸው። ለኢትዮጵያ ዘፈን የመጀመሪያዎቹ ሸክላዎች የእርሳቸው ናቸው። በቅኔያቸውና በቀልዳቸው የተፈሩና የተወደዱ ነበሩ። ከልጅ እያሱ ጋር በነበራቸው ቅርበት ምክንያት ግን ከ1909 ዓ.ም. ለውጥ በኋላ ከፍ ካለው ማዕርጋቸው ዝቅ አሉ። እንግዲህ ይድነቃቸው የተወለዱት የአባታቸው ዕድል ባዘቀዘቀበት ዘመን ነበር። ልጁ ኋላ የአባታቸውን ቅኔዎች በብዙ ድካም ሰብስበው ለትውልድ ማቆየታቸው፣ የኳስ ሰው ብቻ እንዳልነበሩ ያስረዳል።

ትምህርታቸውን በአዲስ አበባ በተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት ተከታተሉ። በዚያ ዘመን እግር ኳስ በከተማይቱ የሚታወቀው አርመኖች፣ ግሪኮች፣ ጣሊያኖችና ሌሎች የውጭ አገር ሰዎች ሲጫወቱት ነበር። የአገሬው ልጅ ዳር ቆሞ ያያል፤ ኳሷ ከሜዳ ስትወጣ ሮጦ ያመጣል። በታኅሣሥ 1928 ዓ.ም. ግን ጆርጅ ዱካስና አየለ አትናሽ የተባሉ ሁለት የአራዳ ወጣቶች ቅዱስ ጊዮርጊስ የተባለውን ቡድን አቋቋሙ። ወራቱን ልብ ይሏል። ጣሊያን ጦርነት ከፍቶ በሰሜን ግንባር አገር እየታመሰ ነበር። ይድነቃቸው ያኔ ገና የ14 ዓመት ልጅ ሲሆኑ፣ በዚህ ቡድን ገብተው 23 ዓመት ያህል ማልያውን ሳይለውጡ ተጫወቱ።

ጠላት በሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ ከገባ በኋላ ስፖርትም እንደ ሌላው ነገር ሁሉ በዘር ተከፈለ። ነጭ ከነጭ፣ ጥቁር ከጥቁር እንጂ ሁለቱ በአንድ ሜዳ እንዳይጋጠሙ ተከለከለ። የአገሬው ቡድኖችም የጣሊያን ስም እንዲይዙ ተደረገ። ቅዱስ ጊዮርጊስም ስሙን አጥቶ ሊቶሪዮ ውቤ ሰፈር ተባለ። ከ15 እስከ 20 ዓመት ባለው ዕድሜ፣ ጕልበትና ፍጥነት በሚጐለምሱበት ጊዜ፣ ይድነቃቸው የተጫወቱት በዚህ ዓይነት አጥር ውስጥ ነው። አንድ ወጣት በመልኩ ምክንያት ከማን ጋር መጫወት እንደሚችልና እንደማይችል ሲነገረው ምን እንደሚሰማው ከመጽሐፍ አልተማሩትም። እኔ እንደሚመስለኝ፣ ከ20 ዓመት በኋላ በካርቱም፣ ከ40 ዓመት በኋላም በሞንትሪያል ያሳዩት ጽናት ሥሩ ያለው እዚህ ላይ ነው።

ነፃነት ከተመለሰ በኋላ ቡድኑ የቀድሞ ስሙን መልሶ ያዘ። የተከለከለውም ግጥሚያ ተፈቀደ። እ.ኤ.አ. በ1944 በተጀመረው የከተማይቱ ውድድር ላይ የቅዱስ ጊዮርጊስ ልጆች፣ የጣሊያኖቹ ፎርቲቱዶ፣ የአርመኖቹ አራራት፣ የግሪኮቹ ኦሊምፒያኮስና የእንግሊዝ ጦር ሚሲዮን ቡድን ተሰለፉ። የመጀመሪያውን ዋንጫ የወሰዱት እንግሊዞቹ ናቸው። ቅዱስ ጊዮርጊስ ለዋንጫ የበቃው እ.ኤ.አ. በ1950 ነው። ይድነቃቸው አጥቂ ነበሩ። ለክለባቸው በ365 ግጥሚያ 318 ጎል እንዳገቡ ይነገርላቸዋል። ለብሔራዊ ቡድንም 15 ጊዜ ተሰልፈዋል። ብሔራዊ ቡድናችን የመጀመሪያ ግጥሚያውን በ1940 ዓ.ም. ከፈረንሳይ ሱማሌ ጋር አድርጎ 5 ለ 0 ማሸነፉ ይታወሳል።

ነገር ግን ጎል አግቢ ብዙ ነው። ይድነቃቸውን ከሌላው የለያቸው፣ ማልያቸውን ሳያወልቁ የጽሕፈት ቤቱንም ሥራ መያዛቸው ነው። እ.ኤ.አ. በ1943 የኢትዮጵያ እግር ኳስ ፌዴሬሽን ሲመሠረት ከዋነኞቹ አንዱ እርሳቸው ነበሩ። የጨዋታውንም ሕግ ወደ አማርኛ የመለሱት እርሳቸው ናቸው። ይህ ትንሽ ነገር መስሎ የሚታየው ካለ ተሳስቷል። ሕጉ በባዕድ ቋንቋ ብቻ በነበረበት ጊዜ፣ በጭቅጭቅ ጊዜ ረቺው ምን ጊዜም ፈረንጁ ነበር፤ መጽሐፉን የሚያነበው እርሱ ብቻ ነበርና። ሕጉ በአማርኛ ሲጻፍ ግን የአራዳው ልጅም የዳኛውን ውሳኔ መርምሮ አቤት ለማለት ቻለ። ዛሬ በየሜዳው ቅጣት ምት፣ ማዕዘን ምት፣ በረኛ እያልን ስንጮህ፣ ቃሎቹ በአንድ ወቅት በሰው ድካም የተፈለጉ መሆናቸውን አናስታውስም። ኦፍሳይድና ፔናልቲ ግን እስከ ዛሬ እንዳሉ አሉ። በዚህ የቋንቋ ትምህርት ክፍል ተማሪዎች ቢያስቡበት አይከፋም።

አሁን ወደ ካርቱም እንሂድ። በየካቲት 1 ቀን 1949 ዓ.ም. የግብፅ፣ የሱዳን፣ የኢትዮጵያና የደቡብ አፍሪካ መልእክተኞች በካርቱም ተሰብስበው የአፍሪካን እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን መሠረቱ። የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ከመመሥረቱ ስድስት ዓመት በፊት መሆኑን አንባቢ ያስተውል። ጋና እንኳ ነፃነቷን ያገኘችው ከዚህ ስብሰባ አንድ ወር ያህል በኋላ ነው። ከኢትዮጵያ በኩል ከተቀመጡት አንዱ ይድነቃቸው ነበሩ። ኮንፌዴሬሽኑ በተመሠረተ ማግሥት የመጀመሪያው የአፍሪካ ዋንጫ እንዲካሄድ ተወሰነ። ያኔ ነው የደቡብ አፍሪካው መልእክተኛ ፍሬድ ፌል አገራቸው የምትልከው ወይ የነጮች ብቻ ወይ የጥቁሮች ብቻ ቡድን እንጂ የተቀላቀለ ሊሆን እንደማይችል ያስታወቁት። የሦስቱ አገሮች ሰዎች ይህን አልተቀበሉም። ደቡብ አፍሪካ ከውድድሩ ወጣች፤ ከእርሷ ጋር ትጋጠም የነበረችው ኢትዮጵያም ያለ ግጥሚያ ለፍጻሜው አለፈች። በፍጻሜው ግብፅ 4 ለ 0 አሸነፈችን። አራቱንም ጎሎች ያገባው አድ ዲባ የተባለው አጥቂ ነው። በኳስ ብንሸነፍም በዚያ ሳምንት የተወሰነው ነገር ከዋንጫው የሚበልጥ ነበር። በዚያ ዘመን በዓለም ላይ በዘር መለያየት ምክንያት ደቡብ አፍሪካን ከስፖርት ያስወጣ ማኅበር እምብዛም አልነበረምና።

ቀጥሎ የመጣው ዘመን ለእኛ የደስታ ዘመን ነው። ሦስተኛው የአፍሪካ ዋንጫ በጥር 1954 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ተደረገ። ጫማቸውን የሰቀሉት ይድነቃቸው አሠልጣኝ ሆነው ቡድኑን መሩ። ቱኒዚያን 4 ለ 2 ካሸነፍን በኋላ፣ ከጥምቀት ሁለት ቀን በኋላ፣ ጥር 13 ቀን፣ የተባበሩት ዓረብ ሪፑብሊክ በሚል ስም ከመጣችው ከግብፅ ጋር ለፍጻሜ ተገናኘን። በ35ኛው ደቂቃ በደዊ የተባለው ግብፃዊ አገባብን። እስከ 74ኛው ደቂቃ ድረስ ስታዲየሙ ታፍኖ ቆየ፤ ያኔ ግርማ ተክሌ አቻ አደረገ። ገና እልልታው ሳይበርድ፣ በሚቀጥለው ደቂቃ፣ ያው በደዊ ሁለተኛውን ጨመረ። አንድ አሠልጣኝ በዚህ ጊዜ የሚሠራው ነገር ጥቂት ነው፤ ያሠለጠነውን ማመን ብቻ ነው የሚቀረው። አምበሉ ሉቻኖ ቫሳሎ በ84ኛው ደቂቃ እንደገና አቻ አደረገና ጨዋታው ወደ ተጨማሪ ሰዓት ተሻገረ። በተጨማሪው ሰዓት የአምበሉ ወንድም ኢታሎ ቫሳሎ ሦስተኛውን፣ መንግሥቱ ወርቁ አራተኛውን አስገቡ። ዋንጫውን ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ለሉቻኖ ሰጡት። ከዚያ ወዲህ ይህ ዋንጫ ወደ ኢትዮጵያ ተመልሶ አልመጣም። ባየነው ቍጥር የምንኰራበት፣ ባሰብነው ቍጥር የምናፍርበት ታሪክ ሆኖ ቀርቷል።

ሰው በዚህ ቢያበቃ እንኳ ስሙ በቂ ነበር። ይድነቃቸው ግን ከዚያ የከበደውን ሥራ ገና አልጀመሩም ነበር። የእ.ኤ.አ. 1966 የዓለም ዋንጫ በእንግሊዝ ሊደረግ ሲታሰብ፣ ከ16ቱ ቦታዎች 10ሩ ለአውሮፓ፣ 4ቱ ለደቡብ አሜሪካ፣ 1ዱ ለሰሜንና መካከለኛው አሜሪካ ተሰጡ። የቀረችው አንዲት ቦታ ለአፍሪካ፣ ለእስያና ለኦሺያኒያ በአንድነት ተወረወረች። ከአፍሪካ ያሸነፈው ደግሞ እንደገና ከእስያ አሸናፊ ጋር መጋጠም ነበረበት። ሦስት አህጉር ለአንድ ወንበር! የጋናው ኦሄኔ ጃንና የእኛው ይድነቃቸው ተሰማ ይህን አንቀበልም ከሚሉት ግንባር ቀደም ሆኑ። እ.ኤ.አ. በ1964 የአፍሪካ አገሮች በሙሉ ከማጣሪያው ወጡ። ብዙ አውሮፓውያን የማይረባ ኩርፊያ አድርገው ቈጠሩት። ወንበሯን የወሰደችው ሰሜን ኮርያ እንግሊዝ ላይ ጣሊያንን 1 ለ 0 አሸንፋ ከውድድር ስታስወጣ ግን፣ ውጭ የተተዉት አህጉሮች ኳስ አያውቁም ይባል የነበረው ሐሳብ ክፉኛ ተናጋ። እ.ኤ.አ. ለ1970ው ውድድር ለአፍሪካ ሙሉ አንድ ቦታ ተፈቀደላት፤ ሞሮኮም ሄደች። ከ1934 የግብፅ ጉዞ በኋላ፣ በ36 ዓመት ውስጥ የመጀመሪያዋ አፍሪካዊት ቡድን መሆኗ ነው።

በ1964 ዓ.ም. ይድነቃቸው የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት ሆነው ተመረጡ። ከዚያ አስቀድሞ እ.ኤ.አ. በ1971 የዓለም አቀፉ የኦሊምፒክ ኮሚቴ አባል ሆነው ነበር። ስለዚህ የደቡብ አፍሪካን ነገር በሁለት ሸንጎ ለመከታተል ቻሉ። ይህ ነገር ረጅምና አድካሚ ነበር። የዓለሙ ማኅበር ፊፋ ደቡብ አፍሪካን እ.ኤ.አ. በ1961 አገደ፤ በ1963 እንግሊዛዊው ፕሬዚዳንት ስታንሊ ራውስ ባሉበት ጊዜ እገዳው ተነሣ፤ በ1964 የአፍሪካና የእስያ ድምፅ ተባብሮ እንደገና አሳገደ። ራውስ ግን ስፖርትና ፖለቲካ ይለያዩ በማለት በሩን ሊከፍቱላት መሞከራቸውን አልተዉም። እ.ኤ.አ. በ1974 የፊፋ ፕሬዚዳንት ሲመረጥ የአፍሪካ ድምፅ ወደ ብራዚሉ ሃቬላንዥ አዘነበለ፤ ራውስም ወረዱ። በ1976 በሞንትሪያል ደቡብ አፍሪካ ከፊፋ ጨርሳ ተባረረች። በካርቱም በአራት አገሮች መካከል የተነሣው ክርክር በ19 ዓመቱ የዓለም ውሳኔ ሆነ።

በዚህ ላይ አንድ ነገር ሳልጨምር አላልፍም። ለሃቬላንዥ የተሰጠው ድምፅ ለአፍሪካ ጠቅሟል። እ.ኤ.አ. በ1982 የዓለም ዋንጫ ወደ 24 ቡድን ሲሰፋ ለአፍሪካ ሁለት ቦታ ተሰጣት፤ አልጄሪያ ምዕራብ ጀርመንን አሸነፈች፤ ካሜሩንም አንድም ሳትሸነፍ ተመለሰች። ነገር ግን ከዚያው ምርጫ ጋር ንግድ ወደ ኳሱ ቤት ሰተት ብሎ ገባ። ይድነቃቸው ለዚህ ንግድ ልባቸው አልተከፈተም። የአፍሪካ ተጫዋች ገና ሳይበስል ወደ አውሮፓ መሸጡን አጥብቀው ይቃወሙ ነበር። ከእ.ኤ.አ. 1965 ጀምሮ እያንዳንዱ አገር በአፍሪካ ዋንጫ ላይ ከውጭ አገር ክለብ ከሁለት በላይ ተጫዋች እንዳያሰልፍ የሚከለክለውን ደንብም ደገፉ። ደንቡ በ1982 ተነሣ። በዚህ ነገር ተሳስተዋል የሚል ብዙ ሰው አለ፤ እኔም ደንቡ ተጫዋቹን ይጐዳ እንደ ነበር አልክድም። አንድ የማሊ ወይም የአይቮሪ ኮስት ልጅ እንጀራውን ፍለጋ በመሄዱ ለአገሩ እንዳይጫወት ማድረግ ቅጣት ነው። ቢሆንም የፈሩት ነገር ደርሷል። የአፍሪካ ክለብ ሜዳ ባዶ ቀርቶ፣ ሕዝቡ የራሱን ልጅ በሩቅ አገር ቴሌቪዥን የሚያይ ሆኗል። ደጀን ሻይ ቤት ያየሁት ይህንኑ ነው።

ሌላም ጕድለት አለ። የሴቶች እግር ኳስ በእርሳቸው ዘመን የአፍሪካ ውድድር አልተደረገለትም። የመጀመሪያው የሴቶች የአፍሪካ ውድድር የተካሄደው እ.ኤ.አ. በ1991፣ ከሞቱ አራት ዓመት በኋላ ነው። በእንግሊዝና በአውስትራልያ መካከል የሴቶች ክሪኬት፣ ከእኛው ገና ጋር በዱላና በኳስ የሚመሳሰለው ጨዋታ፣ በብሔራዊ ቡድን ደረጃ የተደረገው እ.ኤ.አ. በ1934 መሆኑን ስናስብ መዘግየቱ ይታወቃል። ያኔ አውስትራልያ ኳሷን በጣታቸው እያሽከረከሩ የሚወረውሩ ሴቶች ስማቸው በጋዜጣ ይወጣ ነበር። የእኛ እኅቶች ግን ዳር ቆሞ ማየት የቀረላቸው በቅርቡ ነው። ለዚህ ይድነቃቸውን ለብቻቸው መውቀስ አይገባም፤ ሆኖም በቀለም የተሠራውን አጥር እንዲያ አድርጎ ያየ ዓይን ይህንን ሳያይ ማለፉ ያሳዝናል።

በፕሬዚዳንትነት 15 ዓመት ቈይተዋል። በዚያ ዘመን መንግሥታት ተለዋወጡ፤ በገዛ አገራቸውም ንጉሡ ወርደው ደርግ ተተካ። በ1968 ዓ.ም. የአፍሪካ ዋንጫ እንደገና በኢትዮጵያ፣ በአዲስ አበባና በድሬዳዋ፣ ተደረገ፤ ዋንጫውን ሞሮኮ ወሰደች። አብዮትና ጦርነት በተቀጣጠለበት ዘመን ሁሉም መንግሥት ኳሱን ለራሱ ከበሮ ሊያደርገው በሚሻበት ጊዜ፣ አንድ ሰው ያንን ሁሉ ጊዜ በ40ና 50 አገሮች ተወካዮች ፊት ተከብሮ መቀመጡ ቀላል ነገር አይደለም። ፈረንሳይኛና ሌሎች ቋንቋዎች ማወቃቸው ረድቷቸዋል። ፈረንሳይኛ ተናጋሪውና እንግሊዝኛ ተናጋሪው፣ ዓረቡና ጥቁሩ አፍሪካዊ በተጣሉ ጊዜ በመካከል የሚቆም ሰው ያስፈልግ ነበርና።

በመጨረሻ ዓመታታቸው በነቀርሳ በሽታ ታመሙ። ይህም ሆኖ ከሥራቸው አልተለዩም። በእንቍጣጣሽ የተወለዱት ሰው በቡሄ ዕለት፣ ነሐሴ 13 ቀን 1979 ዓ.ም.፣ በ65 ዓመታቸው ዐረፉ።

ከሞቱ በኋላ የሆነውን በአጭሩ ልንገርና ላብቃ። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. ከ1982 በኋላ ለ31 ዓመት ለአፍሪካ ዋንጫ ሳትደርስ ቀረች። ደቡብ አፍሪካ አፓርታይድ ሲፈርስ እ.ኤ.አ. በ1992 ወደ ፊፋ ተመለሰች፤ የ2013ቱንም የአፍሪካ ዋንጫ አዘጋጀች። ኢትዮጵያ ያን ረጅም ረሃብ ሰብራ የተመለሰችው ወደዚሁ ውድድር ነው። የመጀመሪያ ግጥሚያዋን በኔልስፕሩት ከዛምቢያ ጋር ስትጫወት አዳነ ግርማ አግብቶ 1 ለ 1 ወጣች። ቀኑ ጥር 13 ነበር፤ የይድነቃቸው ልጆች በአዲስ አበባ ዋንጫውን ካነሡ ልክ 51 ዓመት። በስታዲየሙም የደቡብ አፍሪካ ነጮችና ጥቁሮች በአንድ ላይ ተቀምጠው ይመለከቱ ነበር።